ዜሮው የት ነው? ስለ ጋዝ ጠባይ የተደረገ ንግግር

(ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ ይዤ የመጣሁት ዕቃ ብዙ አይደለም። አንድ ባዶ ሃይላንድ፣ መርፌው የተነቀለ አንድ ሲሪንጅ፣ በስልኬ ያነሳሁት አንድ ፎቶ፤ በቃ።

ከፎቶው እንነሳ። ባለፈው ሳምንት ለሥራ ወደ ሰመራ ወርጄ ነበር። ጎህ ሲቀድ ከቤት ስወጣ ውሃው ያለቀ የአንድ ሊትር ሃይላንድ ክዳኑን ጥብቅ አድርጌ ዘግቼ ከኋላ ወንበር ላይ ጣልሁት። በዚያ ሰዓት አዲስ አበባ 15 ዲግሪ ነበረች። ሰመራ ስደርስ 38 ዲግሪ ነው። የመኪናውን በር ስከፍት ሃይላንዱ ወገቡ ተሰርጉዶ፣ ሰው የረገጠው መስሎ ተኝቷል። ማንም አልነካውም። ዕቃውን ራሱን ያላመጣሁላችሁ፣ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ዳገቱን በወጣን ቁጥር እየተነፋ ወደ ቀድሞ መልኩ ስለተመለሰ ነው። ማስረጃዬ መንገድ ላይ ጠፋብኝ።

በእጄ የያዝሁት ሁለተኛው ነው። ይህኛውን የዘጋሁት ሰመራ ላይ፣ በቀትር ነው። አሁን እንደ ከበሮ ተወጥሯል። እስክንከፍተው ድረስ ጠረጴዛው ላይ ይቆይ።

ሰኞ ዕለት ይህንኑ ነገር ለአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ በጥያቄ መልክ ሰጠኋቸው፤ ፎቶውን ደብቄ። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት 76 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ የሰመራ ወደ 96 ይጠጋል። በ15 ዲግሪ አንድ ሊትር የነበረ አየር 38 ዲግሪ ወደሆነችው ሰመራ ሲወርድ ስንት ሊትር ይሆናል? ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሁለት ሊትር ብለው መለሱ። ቀመሩን ያውቁታል፤ ማባዛትና ማካፈሉም ላይ እንከን የለባቸውም። ሁለት ሊትር ማለት ግን ሃይላንዱ መንገድ ላይ መፈንዳት ነበረበት ማለት ነው። እርሱ ደግሞ ተጨማደደ። ስህተቱ የት እንደገባ ለማየት ትንሽ ራቅ ብለን እንነሳ።

«ጋዝ» የሚለው ቃል በየቤታችን የራሱ ታሪክ አለው። አያቶቻችን ጋዝ ሲሉ ኩራዝ ውስጥ የሚጨመረውን ነጭ ጋዝ ማለታቸው ነበር፤ እርሱ ደግሞ ፈሳሽ ነው። በኬሚስትሪ ጋዝ የምንለው የራሱ ቅርጽም ሆነ የራሱ ይዘት የሌለውን፣ የሰጡትን ዕቃ ሁሉ የሚሞላውን ነው። ጀሪካን ብትሰጡት ጀሪካኑን ያክላል፤ ይህን አዳራሽ ብትሰጡት አዳራሹን።

የሚሞላውም የሚገፋውም ዝም ብሎ ስለማይቀመጥ ነው። ክረምት ላይ ከቆርቆሮ ጣራ ሥር የተቀመጠ ሰው ይህ አይጠፋውም። በረዶ ሲጀምር አንዱ ጠጠር ለብቻው፣ ሌላው ለብቻው ሲመታ ይሰማል። ሲበረታ ግን ጠጠሮቹን መለየት አይቻልም፤ ጣራው በሙሉ አንድ ወጥ ጩኸት ይሆናል። የጋዝ ግፊትም እንዲሁ ነው። በዚህ አዳራሽ አየር ውስጥ ያለ አንድ የናይትሮጅን ሞለኪውል በአማካይ በሰከንድ 500 ሜትር ገደማ ይሮጣል። በየቅጽበቱ ከጎረቤቶቹ ጋር ስለሚላተም ሩቅ አይደርስም እንጂ። በመንገዱ ላይ ያለውን ግድግዳ ሁሉ ይመታል፤ ግድግዳውን፣ ሃይላንዱን፣ የእናንተንም ግንባር። የማይቆጠሩ ምቶች ተደምረው ግፊት የምንለው ይሆናሉ። ጋዙ ሲሞቅ ሯጮቹ ይፈጥናሉ፤ ምቱም ይበረታል፣ ይደጋገማልም። ቦታው ሲጠብ ፍጥነታቸው ባይለወጥም ግድግዳው ቅርብ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ይመቱታል።

አሁን ሲሪንጁን ተመልከቱ። 10 ሚሊ ሊትር ላይ አድርጌ ጫፉን በአውራ ጣቴ ደፈንሁት። እገፋዋለሁ፤ 7 ደረሰ፤ 6፤ ከዚህ በኋላ ጣቴን ያመኛል። ስለቀው ተመልሶ ወጣ። ባዶ የሚባል ነገር እንዲህ መልሶ አይገፋም።

ሳይንቲስቱ ሮበርት ቦይል ይህን ጠባይ የአየር «ስፕሪንግ» (ሞላ) ብሎ ጠራው። በ1660 ስለዚሁ መጽሐፍ ሲያወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ፍራንሲስከስ ላይነስ የሚባል የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ተቃወመው። ለተቃውሞው መልስ ሲያዘጋጅ ነው ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ሕግ በ1662 ያሳተመው። መልስ ለመስጠት ሲባል የተገኘ ሕግ መሆኑ ደስ ይለኛል፤ በክርክር ያልተፈተነ ሐሳብ ብዙ ጊዜ አይስልም።

ቦይል አንድ ጫፉ የተደፈነ፣ ወደ ላይ የታጠፈ ረጅም የመስታወት ቱቦ አሠራ። ክፍል ውስጥ አልቆም ብሎት ደረጃ ላይ ነው ያቆመው። በክፍቱ ጫፍ ሜርኩሪ ሲጨምር በተደፈነው ጫፍ የታሰረው አየር ይጨመቃል። የአየሩን ቁመት 48 ብሎ ጀመረ፤ በዚያን ጊዜ የሁለቱ ክንዶች ሜርኩሪ እኩል ነው፤ ልዩነቱ ዜሮ። አየሩ ወደ 24፣ ማለትም ወደ ግማሽ ሲወርድ የሜርኩሪው ብልጫ 29 ከ11/16 ኢንች ሆነ። ወደ 12 ሲወርድ 88 ከ7/16 ኢንች።

እነዚህን ቁጥሮች ብቻ ያየ ሰው ሕግ አያገኝባቸውም። ከዜሮ ወደ 29፣ ከ29 ወደ 88። ዜሮን በስንት ብታባዙት 29 ይሆናል? ቦይል ግን በሰንጠረዡ ላይ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ጨመረ፤ በክፍቱ ጫፍ በኩል የሚጫነውን የውጭ አየር። ያም በዚያ ቀን 29 ከ2/16 ኢንች ሜርኩሪ ያህል ነበር። ይህን በእያንዳንዱ መስመር ላይ ሲደምረው ግፊቶቹ 29 ከ2/16፣ 58 ከ13/16፣ 117 ከ9/16 ሆኑ። ግማሽ ሲሆን እጥፍ፣ ሩብ ሲሆን አራት እጥፍ። ሕጉ ፍንትው ብሎ ወጣ። ሙቀቱ ካልተለወጠ የጋዝ ግፊት ሲባዛ በይዘቱ ምንጊዜም ያው ቁጥር ነው።

መማሪያ መጻሕፍት ቱቦውን ይስሉታል፤ ይህችን ድምር ግን ሳይናገሩላት ያልፋሉ። እኔ ደግሞ ትልቁ ሥራ እርሷ ናት ባይ ነኝ። ሜርኩሪው ዜሮ ሲል አየሩ ዜሮ ግፊት ላይ አልነበረም። ዜሮው ሌላ ቦታ ነበረ።

ከሌላ ዜሮ መቁጠር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የእኛ አንድ ሰዓት ጠዋት ለፈረንጆቹ 7 ሰዓት ነው፤ ሁለት ሰዓታችን 8። በውጭ አገር ዘመድ ያለው ሁሉ በዚህ የተነሳ አንድ ቀን ስልክ አምልጦታል። እስቲ አስቡት። በእኛ ሰዓት ሁለት የአንድ እጥፍ ነው። በፈረንጆቹ ሰዓት 8 የ7 እጥፍ አይደለም። ቅጽበቶቹ እኮ ያው ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀትም በሁለቱም አቆጣጠር አንድ ሰዓት ነው። «እጥፍ» የሚለው ቃል ግን ቆጠራው ከየት እንደጀመረ ካልታወቀ ትርጉም የለውም።

ሴልሺየስም እንዲሁ ነው። ዜሮውን ያስቀመጠው ውሃ በሚረጋበት ነጥብ ላይ ነው፤ ለኑሮ የሚመች፣ ለጋዝ ግን ምንም ትርጉም የሌለው ቦታ። በ0 ዲግሪ ሞለኪውሎቹ አልቆሙም፤ ይሮጣሉ። ተማሪዎቼ 38ን ለ15 ሲያካፍሉ ሁለት እጥፍ ተኩል ተሞቀ ማለታቸው ነበር። ጋዝ ራሱ የሚያውቀው ዜሮ ከዚያ እጅግ ይርቃል።

ይህን ዜሮ ያመለከተን የፊኛ ወሬ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት። እ.ኤ.አ. ኦገስት 27 ቀን 1783 ዣክ ሻርል የተባለ ፈረንሳዊ ከብረት ቁርጥራጭና ከሰልፈሪክ አሲድ ባገኘው ሃይድሮጅን የተሞላ ፊኛ ከፓሪስ ለቀቀ። ሰው አልተሳፈረበትም። ፊኛው ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ተጉዞ ጎኔስ በምትባል መንደር ወደቀ። የመንደሩ ገበሬዎች ከሰማይ የወረደውን፣ መሬት ላይ የሚያቃስትና የሚንፈራገጥ ፍጡር መንሽና ቢላ ይዘው ተረባርበው ቀዳደዱት። አልስቅባቸውም፤ ከዚያ በፊት ፊኛ ያየ ሰው በመንደሩ አልነበረም።

ፊኛ ከፍ ባለ ቁጥር ከውጭ የሚገፋው አየር ይሳሳል፤ ውስጡ ያለው ጋዝ ደግሞ ይለጠጣል። ሻርል ይህን ስላወቀ፣ ዲሴምበር 1 ቀን ራሱ ሲሳፈር ፊኛው አናት ላይ ጋዝ ማስተንፈሻ አበጀለት። ጓደኛው ከወረደ በኋላ ብቻውን እንደገና ወደ ላይ ሲወጣ ጆሮውን ክፉኛ አመመው፤ ከዚያ በኋላም አልበረረም። ሕመሙን የማታውቁት ካላችሁ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ በመኪና ውረዱ። ጆሮ የሚደፈነው በታምቡሩ ውስጥና ውጭ ያለው አየር እኩል እስኪገፋፋ ድረስ ነው። ምራቅ ስትውጡ አየር ይገባል፤ «ጧ» ይላል፤ ይከፈታል።

ሻርል ጋዞች ሲሞቁ እንዴት እንደሚለጠጡ በ1787 ገደማ ሞክሮ ነበር፤ አላሳተመም። በ1802 ዦሴፍ ሉዊ ጌይ-ሉሳክ ጉዳዩን በጥንቃቄ ለክቶ ሲያሳትም የሻርልን ስም አልደበቀም፤ ለዚህ ነው ሕጉ የሻርል የሚባለው። የተገኘው ነገር አስገራሚ ነው። ግፊቱ እስካልተለወጠ ድረስ የትኛውም ጋዝ በ0 ዲግሪ ከነበረው ይዘት በእያንዳንዱ ዲግሪ አንድ ሁለት መቶ ስልሳ ሰባተኛ ያህል ይጨምራል። ዛሬ ቁጥሩ 273 መሆኑ ይታወቃል። ሲቀዘቅዝም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሒሳቡን ወደ ታች ቀጥሉበት፤ ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ላይ ይዘቱ ያልቃል። በእርግጥ ጋዙ እዚያ ከመድረሱ በፊት ፈሳሽ ይሆናል፤ ግትሩ ሂሊየም እንኳ ከዜሮ በታች 269 ላይ እጁን ይሰጣል። መስመሩ የሚያመለክተው ነጥብ ግን አንድ ነው። በ1848 ዊልያም ቶምሰን፣ ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፣ ፍጹም የሙቀት ልኬትን ሐሳብ አቀረበ። ዛሬ በስሙ በሚጠራው ልኬት 15 ዲግሪ ሴልሺየስ 288 ኬልቪን ነው፤ 38 ደግሞ 311።

እንግዲህ ወደ ሃይላንዱ እንመለስ። 311 ለ288 ሲካፈል 1.08 ነው። ሰመራ ከአዲስ አበባ ንጋት የምትሞቀው ሁለት እጥፍ ተኩል ሳይሆን ስምንት በመቶ ብቻ ነው። ይህን ስል የሰመራ ሰው እንዳይቆጣኝ፤ ላቡን ሳይሆን ሞለኪውሉን ነው የምናገረው። በሌላ በኩል ግፊቱ ከ76 ወደ 96 ስለጨመረ ይዘቱን ወደ 0.79 ያወርደዋል። ሙቀቱ ያስፋል፣ ግፊቱ ይጨምቃል፤ ሁለቱ ሲባዙ 0.855 ሊትር። ሙቀቱ ታግሎ ተሸነፈ። የፎቶው ስርጉድ ከሞላ ጎደል አንድ ሰባተኛ ሊትር ነው።

ጠረጴዛው ላይ ያለውስ? እርሱ ሊለጠጥ ስላልቻለ ትርፉ በግፊት ወጣ። 96 በ288 ተባዝቶ ለ311 ሲካፈል 89 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ ከውጭ ያለው 76። የ13 ልዩነት ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ ወደ 130 ግራም የሚሆን ነገር ከውስጥ ተጭኗል ማለት ነው። ጸጥ በሉልኝ፤ እከፍተዋለሁ። ፍስስስ። የሰመራ አየር ነው፤ እንግዳ ተቀበሉ።

አንድ አባት እጃቸውን አውጥተው «እኔ ሾፌር ነኝ፤ ታዲያ ጎማዬስ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር።

ጎሚስታው ዘንድ ሄዳችሁ ጎማችሁን 2.2 ባር (አንድ ባር 100 ኪሎፓስካል ነው) ስታስነፉ የሚያሳያችሁ መለኪያ ልክ እንደ ቦይል ሜርኩሪ ነው። የሚያነበው ብልጫውን ብቻ ነው። የተነፈሰ ጎማ ላይ ብትሰኩት ዜሮ ይላል፤ ጎማው ውስጥ ግን ልክ እንደ ውጭው 0.76 ባር አየር አለ። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ በጠዋት የጎማው እውነተኛ ግፊት 2.96 ባር ነው። ጎማ ብዙም ስለማይለጠጥ ይዘቱ አልተለወጠም እንበል። ሰመራ ላይ መኪናው ጥላ ሥር አድሮ 38 ዲግሪ ሲሆን 2.96 በ1.08 ተባዝቶ 3.2 ይሆናል። የውጩን 0.96 ቀንሱለት፤ መለኪያው 2.24 ያነባል። ምንም አልተለወጠም ማለት ይቻላል! ውስጡ በሙቀት ጨመረ፤ ውጩም በቁልቁለቱ ጨመረ፤ ሊጣፉ ምንም አልቀራቸውም። በአስፋልት ላይ ሲጋልብ ቆይቶ 60 ዲግሪ ከደረሰ ግን 2.46 ያነባል። ያን ጊዜ «በዛ» ብላችሁ አታስተንፍሱት፤ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ታገኙታላችሁ። ጎማ የሚለካው ሳይሞቅ ነው። እኒያ አባት «ይህን እንኳን ያለ ኬልቪንም እናውቀዋለን» አሉኝ። ልክ ናቸው።

ለተማሪዎች ደግሞ አንድ ነገር አለኝ። አንድ ሞል ጋዝ (ሞል በኬሚስትሪ የሞለኪውሎች ብዛት የሚቆጠርበት መለኪያ ነው) 22.4 ሊትር ነው ብላችሁ በቃላችሁ ይዛችኋል። ቁጥሩ እውነት ነው፤ በ0 ዲግሪ፣ በባሕር ጠለል ግፊት። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል ወደ 2,350 ሜትር ከፍ ትላለች፤ በቤተ ሙከራችን ውስጥ 0 ዲግሪም የለም። የአቮጋድሮን ሐሳብ (ሙቀትና ግፊት እኩል ሲሆኑ እኩል ይዘት ያላቸው ጋዞች እኩል ሞለኪውል አላቸው የሚለውን) ከቦይልና ከሻርል ጋር ያጣመረውን ቀመር፣ ግፊት በይዘት እኩል ይሆናል ሞል በ8.314 በኬልቪን የሚለውን፣ ወስዳችሁ 20 ዲግሪና 76 ኪሎፓስካል አስገቡበት። መልሱ 32 ሊትር ነው። አንድ ሞል አየር እዚህ ከተማ ውስጥ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ ሌላ ከግማሽ በላይ ይፈልጋል። ከሙከራው ውጤት ጋር 22.4 አልገጥም ሲላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ፤ ሌላ ከተማ ሆናችሁ ነው የምትቆጥሩት።

ደጋ ላይ «ኦክስጅን ያንሳል» ሲባል የሚደናገር ሰውም አለ። ድርሻው አያንስም፤ እዚህም በባሕር ዳርቻም 21 በመቶ ነው። ኬሚስቱ ዳልተን እንዳሳየው በድብልቅ ውስጥ እያንዳንዱ ጋዝ የሚገፋው ሌሎቹ እንደሌሉ ሆኖ ነው። የ101 ሃያ አንድ በመቶ 21 ኪሎፓስካል ነው፤ የ76 ደግሞ 16። ሳንባ የሚሰማው ይህንን ግፊት እንጂ መቶኛውን አይደለም። በ1968 ኦሊምፒክ 2,240 ሜትር ላይ ባለችው ሜክሲኮ ሲቲ ብዙ የቆላ አገር ሯጮች ሲያለከልኩ፣ ማሞ ወልዴ በ10,000 ሜትር ብር፣ በማራቶን ወርቅ አገኘ። ድሉ የእግሩና የልቡ ነው፤ የከተማዋን አየር ግን ከቤቱ ያውቀዋል።

መጨረሻ ላይ ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ተነሱ። «ልጄ፣ የቡታጋዜ ሲሊንደር መቼ እንደሚያልቅ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ወጥ መሀል ነው የሚጠፋብኝ። መለኪያ ላስገጥምለት?»

እናቴ፣ ገንዘብዎን አያባክኑ አልኋቸው። እስካሁን ያወራናቸው ሕጎች የሚሠሩት ሞለኪውሎቹ ተራርቀው ሲሮጡ ነው። የሆስፒታል ኦክስጅን እንዲህ ነው፤ መለኪያው ከ150 ባር ወደ 75 ከወረደ ግማሹ አልቋል። የቡታጋዝ ሞለኪውሎች ግን ሲጨመቁ ተሳስበው ፈሳሽ ይሆናሉ። ዮሐንስ ቫን ደር ቫልስ በ1873 ለዚህ መሳሳብ ቦታ የሰጠ ቀመር አወጣ። ሲሊንደርዎን ሲያናውጡት የሚንቦጫረቀው ይኸው ፈሳሽ ነው። ከላይ ያለው ጋዝ በተጠቀሙበት ቁጥር ፈሳሹ እየተነነ ይተካዋል፤ ስለዚህ ጠብታ እስካለ ድረስ ግፊቱ ብዙም አይወርድም። መለኪያው «አለ፣ አለ» እያለ ቆይቶ በመጨረሻ ድንገት «የለም» ይላል።

«ታዲያ በምን ልወቅ?»

በሚዛን። ሲሊንደሩ አንገት አካባቢ ባዶ ክብደቱ ተቀርጿል። ሚዛኑ 20 ኪሎ ቢል፣ የተቀረጸው 14 ቢሆን፣ የቀረዎት ስድስት ኪሎ ነው።

ትንሽ አሰቡና «እንግዲያ የእኔ ዜሮ 14 ላይ ነው በለኛ!» አሉ።